ከፍራሽ ስር የተገኙት ፌስታሎች

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ የባል ዘመዶች ለቡና ይመጣሉ ተብሎ ቤቱ ከላይ እስከ ታች እየተጸዳ ነው። ልጅቱ የእናቷን ክፍል ልትጠርግ ገብታ ፍራሹን ገለጥ ስታደርግ ፌስታል አገኘች። አንድ ሁለት አይደለም፤ ሰባ ምናምን። ታጥበው፣ ደርቀው፣ እንደ መሐረብ አራት ቦታ ታጥፈው፣ ትልቁ ከትልቁ ትንሹ ከትንሹ ጋር ተደርድረዋል። ከአልጋው ስር ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ባዶ ሃይላንዶች፣ የማርማላታ ጠርሙሶች፣ ክዳኑ የጠፋ የዘይት ጀሪካን፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ በሲባጎ የታሰረ ካርቶን።

ምንም አልተናገረችም። ሁለት ማዳበሪያ አምጥታ ሞላቻቸው፣ ከአራተኛ ፎቅ ተሸክማ ወረደች፣ ግቢው ጥግ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጥላቸው ተመለሰች። እጇን ታጠበች። አዲስ አንሶላ አነጠፈች።

እናትየዋ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ክፍላቸው ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ "እንኳን ጸዳ" አሉ። ከዚያ በላይ አልተነፈሱም። እንግዳው መጣ፣ ቡናው ተፈላ፣ ሳቅም ነበር። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም።

በብሎኩ ትልቁም ትንሹም "እማማ" ነው የሚላቸው። ወደ ልጃቸው ኮንዶሚኒየም የገቡት ካዛንቺስ ፈርሶ ነዋሪው በየአቅጣጫው ሲበተን፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ከኖሩበት ግቢ ይዘውት የወጡት ዕቃ አንድ ሚኒባስ እንኳ አልሞላም። ልጃቸውም ጎበዝ ናት፤ ቢሮ ትሠራለች፣ ባሏም ሰው አክባሪ ነው፣ ክፍል ለይተው ሰጧቸው። የቸገረው ነገር ዕቃው ሳይሆን ከዕቃው ጋር የመጣው ልማድ ነበር።

የካዛንቺሱ ግቢ ስድስት አባወራ፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ነበረው። እዚያ ግቢ ውስጥ "ቆሻሻ" የሚባል ነገር መኖሩ አይካድም፤ ግን ብዙ አልነበረም። የድንችና የጎመን ልጣጭ ፋሲካን ለምትጠብቀው የጎረቤት በግ ይሄዳል። ጠላ የሚጠምቁት ሴትዮ አተላቸውን ላም ላላቸው ሰዎች ይሰጣሉ። ያደረ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፤ ከፍርፍር የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። ልብስ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል፤ ታናሽም ሲጠበው "ልዋጭ!" እያለ በበር ለሚያልፈው ተሰጥቶ በምትኩ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይገባል። ማንም የማይቀበለው ብጣሽ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል፣ ወይም ወለል ይወለወልበታል።

ጣሳና ብረት የቆራሌው ድርሻ ነው። ስሙ ራሱ "ቆርቆሮ ያለው!" ከሚለው ጥሪ በሩጫ የተኮማተረ ነው። እሱ ከየሰፈሩ የለቀመው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርስና ተቀጥቅጦ፣ ተቆርጦ፣ ተበይዶ ምድጃ ወይም ማንቆርቆሪያ ሆኖ እዚያው ሰፈር ተመልሶ ይመጣል። ያለቀለት የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ሲረገጥ የኖረው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። የልብስ የመጨረሻው እጥበት ውሃ እንኳ በቀጥታ አይደፋም፤ መጀመሪያ ወለሉ ይታጠብበታል፣ ቀጥሎ ሽንት ቤት ይለቀቅበታል።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ እማማ "አካባቢ ጥበቃ" የሚል ቃል በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ያስተማራቸው እጥረት ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣበት ሰው ውሃ ለማክበር ስልጠና አያስፈልገውም።

እርግጥ ያንን ግቢ እንደ ገነት መሳል ሐሰት ነው። ሽንት ቤቱ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሞላል፣ ሽታው እስከ ጓዳ ይገባል፣ ሕፃናት በተቅማጥ ይታመማሉ። የድህነትን ኑሮ እንደ ቅርስ መዘከር የሚቀናቸው ሰዎች ሐምሌ ላይ አንድ ሳምንት እዚያ ቢያድሩ ትዝታቸው ይስተካከል ነበር። ሆኖም ከዚያ ሁሉ ችግር መካከል አንድ ነገር በትክክል ይሠራ ነበር። ከአንዱ ቤት የወጣ ነገር የሚቀበለው ሰው ነበረው።

ኮንዶሚኒየሙ ጋ ያ ሰው የለም። በግ የሚያረባ የለም። ላም የለም። ቆራሌው በበሩ አያልፍም፤ የግቢው ኮሚቴ "ለጸጥታ" ብሎ ከልክሎታል። ልዋጩም እንዲሁ። ስለዚህ እማማ እንደ ለመዱት ሰበሰቡ፣ አጠቡ፣ አጠፉ፣ ደረደሩ፤ ግን የሚወስድ አልመጣም። እነዚያ ሰባ ፌስታሎች ከፍራሽ ስር የተገኙት የሚሄዱበት አጥተው ነው። ልማዱ አለ፤ ልማዱን የሚጨርሰው ሌላኛው እጅ ግን ቀርቷል።

ልጅቱ ይህን አላሰበችም። እሷን የታያት ሌላ ነገር ነው።

አራተኛ ክፍል እያለች ምሳዋን በፌስታል የተጠቀለለ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ይዛ ትሄድ ነበር። ሽሮ። ጠርሙሱ ላይ የብርቱካን ሥዕል ነበረበት። አንድ ቀን አንዷ ልጅ "ማርማላታ አምጥታለች!" ብላ ጮኸች፣ ሁሉም ከበቧት፣ ተከፈተ፣ ሽሮ ሆነ። የዚያን ቀን ሳቅ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላም ጆሮዋ ውስጥ አለ። የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል የገዛችው ነገር ክዳኑ ቀጥ ብሎ የሚገጥም፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው የምግብ ዕቃ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ማዳበሪያ ውስጥ የከተተችው የእናቷን ቆሻሻ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ያንን ጠርሙስ ነው።

በዚህ ከተማ ስለ ቁጠባና ስለ አካባቢ በተነሳ ቁጥር የሚዘለለው ነገር ይኸው እፍረት ነው። ዘንቢል መያዝ፣ እቃ አጥቦ መልሶ መጠቀም፣ የተቀደደ መስፋት፣ ያደረ መብላት፣ ሁሉም የድሃ ምልክት ሆነው ነው ያደጉት። ሰው ኑሮው ትንሽ ሲሻሻል መጀመሪያ የሚጥለው እነሱን ነው። ፌስታል ደግሞ ተቃራኒው ነበር። ድንችም ተገዛ ስልክ፣ በአዲስ ፌስታል ሲሰጥ ሰው እንደተከበረ ይሰማዋል። አንድ ኪሎ ቲማቲም በሁለት ፌስታል ደርባ የምትሰጥ ባለ ጉልት ደንበኛዋን እያከበረች ነው።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እማማ ዝም አሉ። አኮረፉ ማለት አይደለም፤ ይስቃሉ፣ ይመርቃሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ይቀበላሉ። ግን ኩሽና መግባት ተዉ። "እናንተ እንደምታውቁት አድርጉት" ሆነ መልሳቸው።

ወር ሳይሞላ ቤቱ ተናጋ። በመጀመሪያ የመብራት ካርዱ። እማማ እንጀራ የሚጋግሩት በሳምንት አንድ ቀን ነበር፤ ሊጡን በአንድ ጊዜ አቡክተው፣ ምጣዱን አንዴ አሙቀው፣ ሃያና ሃያ አምስት እያከታተሉ። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ ሶኬቱን ነቅለው በቀረው ግለት ነበር የሚያወጡት። ከዚያም ምጣዱ እስኪበርድ ቆሎ ይቆሉበታል፣ ወይም የወጥ በርበሬ ያሹቁበታል። ሠራተኛዋ ግን እንደተመቻት በሳምንት ሦስት ጊዜ አምስት አምስት መጋገር ጀመረች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚጎትት ዕቃ ነው፤ ቤት ውስጥ እሱን የሚያህል በላተኛ የለም። ሦስት ጊዜ ማሞቅ ማለት ምንም ሳይጋገር ሦስት ጊዜ መክፈል ማለት ነው። ታሪፉ ደግሞ ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። ካርዱ ወሩ ሳያልቅ አለቀ።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን ይነገር። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመነጨው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ አንድ ምጣድ ቶሎ ማጥፋት የድንጋይ ከሰል በሚያነዱ አገሮች የሚቀንሰውን ያህል ጭስ አይቀንስም። የሚቀንሰው ወጪን ነው፤ ማታ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ መስመሩ ላይ የሚደርሰውን ጫናም ነው። በቂ ምክንያት ነው፤ ሌላ ምክንያት ማጋነን አያስፈልግም።)

ቀጥሎ ውሃው። ብሎኩ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሮቶው ሲያልቅ ወረፋ ነው። የመጸዳጃው ሲፎን አንዴ ሲለቀቅ ቢያንስ 6 ሊትር ያወርዳል። ቤቱ ውስጥ አምስት ሰው አለ። እያንዳንዱ በቀን አራት ጊዜ ቢለቅ 120 ሊትር ነው፤ ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ያንን የሚያክል ንጹሕ የሚጠጣ ውሃ በየቀኑ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። እማማ ልብስ ሲታጠብ የመጨረሻውን ውሃ በባልዲ እየያዙ መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ያስቀምጡት ነበር፤ ለዚያ ነበር። ባልዲው ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በረንዳ ላይ ተደፍቷል። ሮቶው ድሮ በአምስተኛው ቀን ያልቅ የነበረው በሦስተኛው ማለቅ ጀመረ። ጀሪካን ተሸክመው አራተኛ ፎቅ ለሚያደርሱት ልጆች የሚከፈለው ከወሩ የውሃ ቢል በለጠ።

ልጅቱ ይህን ሁሉ አይታለች። ግን ተሸነፍኩ ማለት እንዲህ ቀላል አይደለም።

ጠቡ የፈነዳው በአንድ እሁድ ቡና ላይ ነው፤ ያውም በሌላ አቅጣጫ። እማማ በረንዳ ላይ ከሰል ሊያያይዙ ፌስታል ቀደው ከከሰሉ ስር ከተቱና ክብሪት ጫሩ። ሰማያዊ ነበልባል፣ ጥቁር ጭስ፣ የሚቀልጥ ጠብታ። የከሰል ማያያዣ ፌስታል ነው፤ ግማሽ አዲስ አበባ እንዲያ ነው የሚያደርገው። በሩ ክፍት ነበርና ጭሱ ሳሎን ገባ። የአስር ዓመቱ ልጅ ደረቱ ደካማ ነው፤ ሳል ያዘው፣ አልለቀው አለ።

"እማዬ፣" አለች ልጅቱ፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ፣ "ፌስታሉን አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ እንደ ጌጥ አስቀምጠሽ፣ መጨረሻ ላይ ልጄ እንዲተነፍሰው ታቃጥይዋለሽ!"

እማማ ሳቁን አነሱት፤ ማንቆርቆሪያ የሚባለውን ሳይሆን ልጁን። አቅፈው ወደ መኝታ ቤት ወሰዱት፣ መስኮት ከፈቱለት፣ ውሃ ሰጡት። ተመልሰው ሲመጡ ቆመው ነው የተናገሩት።

"እኔ በሳምንት አንድ ፌስታል አቃጥያለሁ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ። አንቺ ግን በዚያ ቅዳሜ የጣልሽው ሰባ ምናምኑ የት የሄደ ይመስልሻል?"

ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ የሚያሳዝነውም እሱ ነው። ቁጠባና አካባቢን መጠበቅ ጎረቤት ናቸው እንጂ አንድ ቤት አይደሉም። ፌስታል ማቃጠል ክብሪትና ጭራሮ ይቆጥባል፤ ጭሱ ግን ለሳንባ መርዝ ነው፣ የቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ የከፋ ነው። ሦስት ጊዜ የተጠበሰበትን ዘይት አጥልሎ ማስቀመጥም ቁጠባ ነው፤ የሚበላው ሰው ግን ይከፍላል። የእናቶች ልማድ ሁሉ ወርቅ ነው ብሎ እንዳለ መቀበል ልጅቱ እንዳለ ከመጣሏ አይሻልም። አንድ በአንድ እየያዙ መለየት ነው ያለው፣ እሱም ደግሞ አድካሚ ሥራ ነው።

የእማማን ጥያቄ የያዘው ትንሹ ልጅ ነው። ሳሉ ሲተወው መጥቶ ጠየቃቸው። "እማማ፣ እውነት ግን የት ነው የሚሄደው?"

"ቆሼ" አሉት።

አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልጁ ግን መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የሆነውን አያውቅም፤ ያኔ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በላይ የከተማዋ ቆሻሻ ሲቆለልበት የኖረው ተራራ ተንዶ ስሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እዚያ የኖሩት ሌላ መጠለያ ያጡ፣ ከክምሩ ላይ ሃይላንድና ብረት እየለቀሙ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ቀባሪዎች ሬሳ ሲጠብቁ ቀናት አለፉ። በቀጣዩ ዓመት፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ። ፋብሪካ መሥራት መልካም ነው፤ ግን እርጥብ ልጣጭና የሹሮ ቅሪት እሳት አይወድም። የአዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ ደግሞ ከግማሽ በላዩ እንዲህ ያለ የሚበሰብስ ነገር ነው። አየር በማያገኝበት ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያወጣል፤ ሙቀትን በማመቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን።

የልጁ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለው። የክበቡ ሥራ ብዙውን ጊዜ ክረምት ላይ ችግኝ መትከልና ፎቶ መነሳት ነው። አገሩም እንደዚያው ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል፣ ከዚያም ወዲህ ቁጥሩ በቢሊዮን ነው የሚጠራው። ችግኝ ይተከል፣ ማን ይጠላል። ነገር ግን በዓመት አንዴ ጉድጓድ መቆፈር ዝግጅት ነው። ልማድ የሚባለው ማታ እራት ተበልቶ ሲያልቅ ትሪው ላይ የቀረው እንጀራ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ለእሱ ባነር አይሰቀልም።

ልጁ የቤታቸውን ቆሻሻ ለአንድ ሳምንት ልመዝን አለ። ከታች ካለው ሱቅ ሚዛን ተዋሰ። ሳምንቱን ሙሉ ልጣጩን ለብቻ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ፣ ወረቀቱን ለብቻ እያደረገ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ባለቤቱ "ይሄ ልጅ ቆሻሻ ሊያገላብጥ ነው ያደገው?" ብሎ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፣ ሚስቱ በዓይኗ ከለከለችው። ሳምንቱ ሲያልቅ 11 ኪሎ ሆነ። ከሰባት ኪሎ በላዩ የምግብ ነገር ነው። ከዚያም ውስጥ የተጣለ እንጀራ ብቻ ሁለት ኪሎ ገደማ። ልጅቱ ደብተሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጤፍ በምን ዋጋ እንደሚገዛ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

በማግስቱ ጠዋት የእናቷን ክፍል አንኳኳች። ይቅርታ አላለችም፤ በዚያ ቤት ይቅርታ እንዲህ በቀጥታ አይባልም። "እማዬ፣ ድርቆሽ ስንት ቀን ነው ፀሐይ ላይ የሚቆየው?" ነው ያለችው።

"እንደ ፀሐዩ ነው" አሉ እማማ፣ ነጠላቸውን እያነሱ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ትናንሽ ነገር ነው፣ ሁሉም ደግሞ አልተሳካም። ልጣጭ በባልዲ በረንዳ ላይ አፈር እያለበሱ ለማበስበስ ተሞከረ፤ በሁለተኛው ሳምንት ዝንብ ወረረው፣ ከታች ያሉት ጎረቤት መጥተው ጮኹ፣ ባልዲው ወረደ። ደረቅ ነገር፣ ሰጋቱራ ወይም የደረቀ ቅጠል፣ በልጣጩ ላይ እጥፍ መጨመር እንደነበረበት የተማሩት በኋላ ነው። እስከዚያው ግን እማማ ሌላ መንገድ አገኙ። የግቢው ጥበቃ ከበር ውጭ ሁለት በግ ያስራሉ፤ ማንም ልብ አላለውም ነበር። አሁን ማታ ማታ ልጁ ልጣጩን በጣሳ ይዞ ይወርዳል። ጥበቃውም ለገና ሥጋ ሲሸጡ ለዚያ ቤት ቅድሚያ እንደሚሰጡ ምለዋል።

ሃይላንዱን በተመለከተ ቆራሌው አሁንም ግቢ አይገባም። ኮሚቴው ዘንድ ተሄደ፣ ኮሚቴው "ይታያል" አለ፤ ይታያል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይታወቃል። ከበሩ ፊት ለፊት ግን ፕላስቲክ የምትለቅም አንዲት ሴት አለች፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላ ነው የምትሠራው። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት እማማ ራሳቸው ወርደው ይሰጧታል። ንጹሕና ከቆሻሻ ያልተቀላቀለ ስለሆነ ገንዳ ውስጥ ገብታ መልቀም አያስፈልጋትም። ከዚህ ሁሉ ሙከራ አንድ ብቻ ይምረጡ ቢባል የሚመረጠው ይሄ ነው፤ ሌላ ሰው እጁን ገንዳ ውስጥ እንዳይከት ማድረግ። ብርጭቆና ቆሻሻ አንድ ፌስታል ውስጥ አስሮ የሚጥል ሰው መጨረሻ ላይ የማንን ጣት እንደሚቆርጥ አያስብም።

የመታጠቢያው ባልዲ ተመለሰ። ባልየው ግን እምቢ አለ፤ አንድ ማታ በጨለማ ተደናቅፎበት ጉልበቱን መትቶታልና ሲፎኑን ነው የሚለቀው። አልተጨቀጨቀም። ከሰል የሚያያዘው በደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ ሆነ፤ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ቶሎ ይይዛል፣ አይሸትም። የፕላስቲክ ውሃ መግዛት ግን አልቀረም። የቧንቧውን አፍልቶ ማጣራት ተብሎ ተጀምሮ ነበር፤ ሦስት ቀን ዘለቀ።

እንጀራው ወደ ሳምንት አንድ ቀን ተመለሰ። ሠራተኛዋ መጀመሪያ ቅር አላት፣ ኋላ ስታየው ሁለት ቀን እረፍት እንዳገኘች ገባት።

ፌስታሉን ሕግ ቀደመው። በ2017 ዓ.ም. ማገባደጃ ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ለአንድ ጊዜ የሚያገለግል ፌስታልን ይከለክላል፤ ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል ይላል። ቤቱ ውስጥ ዜናው ሲነሳ እማማ ሳቁ። "እኔን ቢፈትሹ ኖሮ ያኔ በሰባ ፌስታል ስንት ይሆን ነበር?" አሉ። ሕጉ አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ስስ ፌስታል ግን በየጉልቱ አለ። ሩዋንዳ በፈረንጆቹ 2008፣ ኬንያ በ2017 ከልክለው ይዘውታል። እዚህ ጋ የሚያስፈራው ቅጣቱ ባለ ጉልቷ ላይ ብቻ እንዳያርፍ ነው። እሷ ፌስታሉን አላመረተችውም፤ ዘንቢል ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ካላት ደግሞ ወጪዋ ነው የሚቀንስላት።

ደመወዝ የወጣበት አርብ ማታ ነበር። ልጅቱ ከታክሲ ወርዳ መንገድ ዳር ካለው ጉልት ቆመች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ እማማ ዘንቢላቸውን በር ላይ ሰቅለውላት ነበር፣ ከካዛንቺስ የመጣውን፣ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለውን። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ከጠረጴዛዋ ስር ደብቃው ውላለች። ባለ ጉልቷ ሽንኩርቱን መዝና ፌስታል ልትነጥል ጣቷን በምራቅ ስታርስ፣ ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ። የቢሮ ባልደረባዋ ናት፣ አብራት የወረደች።

"ውይ፣ ዘንቢል! እንደ እናቶች ሆንሽ እኮ" አለቻት እየሳቀች።

ጆሮዋ ጋለ። አራተኛ ክፍል፣ ማርማላታ፣ ሽሮ። ለአንድ አፍታ ዘንቢሉን ወደ ኋላዋ ልታደርገው እጇ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወደ ባለ ጉልቷ ዞረች።

"እዚሁ አፍስሺው" አለች። "ድንቹንም እላዩ ላይ።"

ቲማቲሙ ግን በስሎ ነበርና እንዳይፈርጥ ለብቻው በአንድ ፌስታል ገባ። ቤት ስትደርስ ዘንቢሉን ኩሽና አስቀምጣ ልብሷን ልትቀይር ገባች። ስትመለስ ቲማቲሙ ሳህን ላይ ነው። ፌስታሉ ታጥቦ፣ በረንዳው ገመድ ላይ ከልጁ የደንብ ልብስ አጠገብ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሎ ውሃው እየተንጠባጠበ ነው። እማማ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ማንም ምንም አላለም።